ስቄ ያየሁት ፊልም

ቅዳሜ ማታ ከታናሽ እህቴ ጋር አንድ ጋቢ ለሁለት ለብሰን «ማሚ ዲረስት»ን አየን። የመረጠችው እሷ ናት፤ «እንዴት እንደሚያስቅ ብታዪ!» ብላ። ስለ ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኳትም። ሳምንቱን ሙሉ ስሯሯጥ ከርሜ፣ የማያስለቅስ ነገር ከሆነ ይበቃኝ ነበር።

ፊልሙ ስለ ጆን ክራውፎርድ ነው፤ ያቺ ባለ ወፍራም ቅንድብ፣ ባለ ሰፊ ትከሻ የድሮ ሆሊውድ እመቤት። በጉዲፈቻ ካሳደገቻቸው አራት ልጆች ታላቋ ክርስቲና፣ እናቷ በሞተች በዓመቱ፣ በ1978 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በእናቷ እጅ ያየችውን አበሳ ሁሉ በመጽሐፍ አወጣችው። በ1981 ደግሞ ፍራንክ ፔሪ ፊልም አደረገው። እናቲቱን የተጫወተችው ፌይ ደናዌይ ናት፤ ያኔ ኦስካር ከወሰደች ገና ጥቂት ዓመቷ ነበር።

ሲጀምር የሴትየዋ ፊት አይታይም። ጎህ ሳይቀድ ትነሳለች፣ እጇን እስከ ክርኗ በብሩሽ ትፈትጋለች፣ ፊቷን በረዶ ውስጥ ትነክራለች። እህቴ «ወይ ጉድ፣ እማዬን አትመስልም?» አለችኝ። ትመስላለች። እማዬም እንግዳ ከሄደ በኋላ የተቀመጠበትን ወንበር የምትወለውል ሴት ናት።

ልጅቷ ደም ያለበት ስቴክ አልበላም ስትል፣ ያው ሳህን ተመላልሶ እንደሚቀርብላት የሚያሳይ ቦታም አለ። እህቴ «አይ ፈረንጅ! እኛ ጋ ቢሆን ይህን ጊዜ ሚጥሚጣ ተፈልጎለት ነበር» አለች። እዚያም ሳቅን።

ከዚያ የመስቀያው መጣ።

ሌሊት ነው። ልጆቹ ተኝተዋል። እናትየዋ ፊቷን በነጭ ክሬም ለስናው ወደ ልጅቷ ቁም ሳጥን ትገባለች፤ ቀሚሶቹን በጣቷ እየዳሰሰች ስታልፍ አንዱ ቀሚስ በሽቦ መስቀያ ተሰቅሎ ታገኛለች። ላውንደሪ ቤት ልብስ አጥቦ ሲመልስ የሚሰጠው ዓይነት፣ ቀጭን። ከዚያ በኋላ የሆነችውን መግለጽ ይከብዳል። ትጮኻለች፣ ልብሱን እያወረደች ትወረውራለች፣ ልጅቷን ከአልጋ ጎትታ በዚያው መስቀያ ትመታታለች። ቀጥሎ መታጠቢያ ቤት ይዛት ትገባና ወለሉ አልጸዳም ብላ የማጽጃ ዱቄቱን በሷም በወለሉም ላይ ትበትነዋለች። የዓይኗ መፍጠጥ፣ የክሬሙ ንጣት፣ የድምጿ መሰንጠቅ... በሳቅ ፈነዳን። እህቴ እንባዋ መጣ። ወደ ኋላ መልሳ ደገመችው።

ሁለተኛውን ጊዜ እናትየዋን ትቼ ልጆቹን አየሁ። እዚያው ክፍል ውስጥ ትንሹ ወንድሟ አለ፤ እንዳይነሳ በማሰሪያ ከአልጋው ጋር ታስሯል። እናታቸው ከሄደች በኋላ ማሰሪያውን ፈትቶ ሊረዳት ሲመጣ፣ ልጅቷ ዱቄቱ መሐል እንደተቀመጠች ተመልሶ እንዲተኛ ትነግረዋለች። አታለቅስም። ለሱ ነው የምትፈራው።

ሳቄ ቆመ። ጉሮሮዬ ከረከረኝ፤ ይህን የምለው ለማሳመር አይደለም፣ እውነትም አሳለኝ።

እኛ ቤት የሚወራ አንድ ቀልድ አለ። ሰባት ዓመቴ ነው። አከራያችን የዘገየ ኪራይ ሊጠይቁ መጥተው እማዬ «ባለቤቴ አልገቡም» ትላቸዋለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ «ኧረ አባዬ ጓዳ ነው፣ አልጋ ሥር!» አልኩ። አክስቴ ይህን ስታወራ አባዬ በግንባሩ ሸረሪት ድር ይዞ ከአልጋ ሥር እንዴት እንደወጣ በእጇም በፊቷም ታሳያለች። ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል። ከዚያ «እናቷም ትንሽ አጠነቻት፤ ይኸው ዓመት ሙሉ በርበሬ ያለበት ወጥ አልነካም ብላ ስሟ አልጫ ሆኖ ቀረ!» ብላ ትጨርሳለች። እስካሁን አልጫ የሚሉኝ ዘመዶች አሉ። እወደዋለሁም፣ ምን ይደረግ።

በአክስቴ ወሬ ውስጥ ማጠን አንዲት ቃል ናት። እኔ የማስታውሰው ግን አልጋ ሥር የነበረውን አባዬን አይደለም። የማስታውሰው ብርድ ልብሱን ነው፤ ቡናማ፣ ጠርዙ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር ያለው። ከሰሉን፣ ከሰሉ ላይ ሲንጣጣ የነበረውን የበርበሬ ፍሬ፣ ብርድ ልብሱን ዙሪያውን የያዘውን የእማዬን እጅ። አየር የሚባል ነገር ያለቀ መስሎኝ ነበር። ስወጣ አፍንጫዬንም ዓይኔንም በነጠላዋ የጠረገችልኝ ያቺው ራሷ ናት። ፊልሙ እንዲህ ያለውን ነገር አያሳይም። ክርስቲና ሁልጊዜ አንድ ዓይነት እናት ነው ያላት፣ ወይ ለካሜራ የምትስቅ ወይ የምትጮህ።

እህቴ ከእኔ በዘጠኝ ዓመት ታንሳለች። እሷ ስትወለድ ኪራይ ቀርቷል፣ አባዬም ሥራ ይዟል፣ እማዬም ለስልሳለች። አንድ ቀን ታጥና አታውቅም። ስለዚህ ለሷ ታሪኩ ቀልድ ብቻ ነው፤ አልፈርድባትም። የክራውፎርድ መንትያ ሴት ልጆችም፣ ክርስቲና ከመጣች ከሰባት ዓመት በኋላ በ1947 የመጡት፣ እናታችን እንደዚያ አልነበረችም ብለው እህታቸውን ተቃውመዋል። ወንድሟ ክሪስቶፈር ደግሞ ከክርስቲና ጎን ቆሟል። የጆን ወዳጆችም ለሁለት ተከፈሉ። ሰው አንደኛው ወገን ይዋሻል ብሎ ይከራከራል። እኔ ግን አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት እናት ልትኖር እንደምትችል ለማመን ሩቅ መሄድ የለብኝም፤ ምስክሯ እህቴ አጠገቤ ጋቢ ለብሳ ፈንዲሻ እየበላች ነው።

እሁድ ጠዋት ሌላ ሥራ ትቼ ስለ ፊልሙ ሳነብ ዋልኩ። ገና ሲወጣ ጀምሮ ተመልካች ስቆበታል፤ ሰዎች የሽቦ መስቀያ ይዘው ሲኒማ ይገቡ ነበር። ፊልሙን ያወጣው ኩባንያ፣ ፓራማውንት፣ ይህን ሲያይ ማስታወቂያውን ራሱ ለውጦ እንደ ቀልድ መሸጥ ጀመረ። የዓመቱን መጥፎ ፊልም የሚመርጡት «ራዚ»ም አንደኛ አድርገውታል፤ ኋላም የአሥር ዓመቱ መጥፎ ተባለ። ደናዌይ በዚህ ፊልም ስሟ እንደተጎዳ በኋላ ተናግራለች።

ፊልሙ ጥሩ አይደለም፣ እሱን አልክድም። ከጩኸት ወደ ጩኸት ይዘላል፣ በመካከል ያለውን ሕይወት ይረሳዋል። ግን ደናዌይ አጋነነች የሚሉት ላይ አልስማማም። ራሷን የሳተች እናት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ታጋንናለች እኮ! ድምጿ የሷ አይደለም፣ ዓይኗ የሷ አይደለም፣ ለአንድ ሳህን ሰማይ ይናዳል። ቁመቱ ወገቧ ጋ ለሚደርስ ልጅ ግን ይህ ትወና አይመስለውም። ሐኪሞች እንኳ በወላጅ የተደበደበ ሕፃን የሚል ስም ሰጥተው በሕክምና መጽሔት ያወጡት በ1962 ነው፤ ክርስቲና ያኔ ሃያዎቹን ጀምራለች።

ከሁሉ ያናደደኝ ፊልሙ የጆንን የራሷን ልጅነት መዝለሉ ነው። ስሟ ሉሲል ለሱር ነበር፣ ቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ የተወለደች፣ አባቷ ጥሏቸው የሄደ። እናቷ ካንሳስ ሲቲ ላውንደሪ ቤት ትሠራ ነበር። ልጅቷ የትምህርት ቤት ክፍያዋን የሸፈነችው ለእኩዮቿ እያበሰለችና እያጸዳች ነው፤ እዚያም ትደበደብ እንደነበር ራሷ ተናግራለች። ያን ሁሉ የላውንደሪ መስቀያ ስታይ ያደገች ሴት፣ ሀብታም ሆና በልጇ ቁም ሳጥን ውስጥ ስታገኘው ምን እንዳየች እኔ እገምታለሁ። ግምት ነው። እማዬንም እናቷ አጥናታለች፤ እሷም ስትነግረን እየሳቀች ነው።

ፊልሙ የሚያልቀው በኑዛዜ ነው፤ ይህ እውነት ነው፣ ወረቀቱ አለ። ጆን በ1977 ስትሞት ለመንትዮቹ ለእያንዳንዳቸው 77,500 ዶላር ትታ፣ ለክሪስቶፈርና ለክርስቲና ግን «ራሳቸው በሚገባ በሚያውቁት ምክንያት» ምንም እንዳልተወችላቸው አስጽፋለች። «በሚያውቁት ምክንያት»! ፊልሙ ላይ ወንድምየው እንደ ሁልጊዜው የመጨረሻውን ቃል የተናገረችው እሷ ናት ሲል፣ ክርስቲና «እንዴ?» ብላ ዝም ትላለች። ዓይኗ ላይ መጽሐፉ ይታያል።

እኔ መጽሐፍ የምጽፍበት ነገር የለኝም። እናቴ ጆን ክራውፎርድ አይደለችም፤ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጤ ራሱ ጡር እየመሰለኝ ነው ይህን የምጽፈው።

ከሰዓት በኋላ እማዬ ቤት ቡና ነበር። አክስቴ መጥታለች፣ አንዲት አዲስ ጎረቤትም አለች። አዲስ ሰው ካለ ደግሞ ቀልዱ መነገሩ አይቀርም። አከራዩ መጡ፣ አባዬ አልጋ ሥር ገባ፣ ሸረሪቱ ድር ታየ። ጎረቤቲቱ ሳቀች፣ እህቴ ሳቀች። «እናቷም ትንሽ አጠነቻት» ሲደርስ እኔ አልሳቅኩም። አስቤበት አይደለም፣ ሳቁ አልመጣም። ማንም ልብ ያለው አልመሰለኝም፤ አክስቴ «አልጫ!» ብላ ጨረሰች።

እማዬ ጀበናውን እንደያዘች ነበር። ሁለተኛውን ቀድታ ስኒውን ስታቀብለኝ ወደ እኔ ጠጋ አለችና፣ ሌላው ሰው በማይሰማው ድምፅ፣

«በርበሬው እኮ ትንሽ ነበር» አለችኝ።

ስኒውን ተቀበልኳት።