መርዶ ያልመጣለት ጋቢ

የኛ አገር ሴቶች ጦርነትን ጨርቅ ላይ አልሳሉም። በ1973 እ.ኤ.አ. የጦር አዛዡ ጄኔራል ፒኖቼ በቺሊ ሥልጣን ከያዘ በኋላ የዚያ አገር እናቶች ታፍነው የጠፉባቸውን ልጆች ታሪክ ጆንያ ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየሰፉ ለዓለም አሳይተዋል፤ ወታደሩ፣ እስር ቤቱ፣ «የት ናቸው?» የሚለው ጥያቄ ሁሉ እዚያ ላይ ይታያል። የኛዎቹ እንዲህ ያለ ሥዕል ስለሌላቸው ምንም ያልመዘገቡ ይመስላል። እኔ በዚህ አልስማማም።

ለቅሶ ላይ ነጠላ ይዘቀዘቃል፤ ጥለቱ ከታች ተነስቶ ወደ አንገት ይመጣል። የሞተው የቅርብ ሰው ከሆነ ልብሱ ጥቁር ቀለም ተነክሮ ከል ይሆንና ለዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይለበሳል። መንገድ ላይ ያያት ሁሉ ሳይጠይቅ ያውቃል። በቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1969 እና በ1970፣ ልጅ የተገደለበትን ቤተሰብ እንዳያለቅስ የከለከሉትም ለዚህ ይመስለኛል። አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁ አሉ። ከል የለበሰች እናት በቀበሌው ደጃፍ ስታልፍ ገዳዮቹን ያለ ቃል ትከሳለችና።

ደብረ ብርሃን ያለችው አክስቴ ግን ከሉም አልደረሳት። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በ1975 ወጥቶ ነበር፤ በደርግ መጨረሻ ግን ነገሩ ሁሉ አፈሳ ሆነ፣ ልጇንም ከገበያ ወሰዱባት። በ1983 ጦሩ ሲበተን የጎረቤት ልጆች በባዶ እግራቸው እየተንከራተቱ ገቡ። የሷ አልመጣም። መርዶም አልመጣም። ሳይረዱ ከል መልበስ ደግሞ ልጅን በገዛ እጅ መቅበር ነው። ስለዚህ ለመመለሻው የጀመረችለትን ጋቢ መፍተሏን ቀጠለች።

ጥጡን ራሷ ዳምጣ፣ በደጋን ነድፋ፣ አመልማሎውን በእንዝርት ፈትላ ልቃቂቶቹን በተራ በተራ አስቀምጣ ነበር። ሸማኔው ድሩን፣ የቁመቱን ክር፣ ከገበያ ገዝቶ ማጉን፣ የአግድሙን ክር፣ በሰጠችው ተራ ሸመነው። «እማማ፣ ይሄኛው ማግ ጨርቁን ያበላሸዋል፤ በሌላ ልለውጥልዎ?» ቢላት እምቢ አለች። አራት ድርብ ሆኖ የተሰፋውን ጋቢ ስትዘረጋልኝ ምክንያቱ ገባኝ። በአንደኛው ጫፍ ክሩ እንደ ፀጉር የቀጠነና እኩል ነው። እጄን ወደ ሌላው ጫፍ ሳስኬድ ይጎረብጣል፤ ይወፍራል፣ ይቋጠራል፣ እንደገና ይቀጥንና የተበጠሰበት ቦታ ላይ ተቀጥሏል። «ይሄ እነሱ ሲመለሱ የፈተልኩት ነው» አለችኝ። ስለዚያ ዓመት ካነበብኩት ሁሉ ይበልጥ ያስረዳኝ ይህ ጉርብጥብጥ ክር ነው።

በጥቅምት 2016 ትግራይ ውስጥ የሦስት ቀን ሐዘን ታውጆ የብዙ ቤተሰብ መርዶ በአንድ ሰሞን ሲነገር፣ አክስቴ ሬዲዮውን ከፍ አስደርጋ ሰማች። «እነሱስ ተረዱ» አለች። «አልቅሰው ይወጣላቸዋል።» ጦርነቱን ማን ጀመረው፣ ማን አሸነፈ የሚለው ለሷ ሁለተኛ ነገር ነበር።

ሙዚየም ስሄድ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የንጉሡ ካባ፣ የደጃዝማቹ ጎራዴ ከነባለቤቱ ስም ይቀመጣል። ሴት የፈተለችው ሲሆን «የባህል ልብስ» ተብሎ ይታለፋል። ማን ፈተለችው? በየትኛው ዓመት? ለማን? እነዚህን አክስቴን አስፈቅጄ ወረቀት ላይ ጻፍኩና ጋቢው ውስጥ አስቀመጥኩ። የልጁን ስም ስጽፍ አጠገቤ ቆማ «ሟች የሚል እንዳታስገቢ» አለችኝ፤ አላስገባሁም።

ቤታችሁ እንዲህ ያለ ልብስ ካለ፣ የፈተለችው በሕይወት ሳለች እነዚህን ሦስቱን ጠይቁልኝ። ጎጃምና ወሎ ያላችሁ ደግሞ፣ የሱቅ ቀለም ከመምጣቱ በፊት ከል በምን ይነከር እንደነበር ከአያቶቻችሁ የሰማችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ።