ስቡ ውስጥ አጥንት ነበር

የአንጎል ሊፖማ፣ ማለትም ከስብ የተሠራ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ፣ ማይክሮስኮፕ ስር የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው። ሲጀመር ራሱ ብርቅ ነው። ቢገኝም ሐኪሞች ብዙ ጊዜ አይነኩትም፤ ደም ሥርና ነርቭ በመሃሉ ያልፋሉ። ስለዚህ እዚህ ባሕር ዳር፣ የቲሹ ናሙና በምመረምርበት ላብራቶሪ፣ አንዱ ሲደርሰኝ ደስ አለኝ፣ አልደብቅም። የዓይን ነርቭ ስለተጫነ ከፊሉ ብቻ ነበር የወጣው።

ናሙናውን ከመንካቴ በፊት ሲቲ ስካኑን ጠየቅሁ። መሃሉ ጥቁር ስብ ነው። ዙሪያው ግን እንደ እንቁላል ቅርፊት ነጭ ነው። የተጠራቀመ ካልሲየም ነው ወይስ እውነተኛ አጥንት? ያንን የሚለየው ስላይድ፣ ማለትም በመስታወት ላይ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ስስ ቁራጭ ነው።

የላብራቶሪ ባለሙያዋ ጠርዙን ነካ አድርጋ፣ «ዶክተር፣ ይሄ ምላጫችንን ይበላዋል» አለችኝ። ምላጭ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። ጠንካራውን ለብቻ፣ ለስላሳውን ለብቻ ከፈልነው። ስቡን በስሱ ቆርጠን ቲሹ እንዳይበላሽ በሚያደርገው ፎርማሊን ውስጥ ከተለመደው በላይ አቆየነው፤ ስብ ቶሎ አይጠነክርም። ጠንካራውን እንዲለሰልስ ፎርሚክ አሲድ ውስጥ ከተትነውና በየቀኑ በመርፌ እየወጋን ፈተሽነው። እዚህ ላይ ትዕግሥትም ችኮላም ያስፈልጋል። አሲዱ ውስጥ ከቆየ የሴሉ ኒውክሊየስ ቀለም አይቀበልም፤ ያኔ ካንሰር ይሁን አይሁን ምንም መናገር አይቻልም።

ስላይዱ ላይ የበሰለ ስብ፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ ሴሎቹ በጉድጓዳቸው የተቀመጡ፣ ድርብርብ እውነተኛ አጥንት ታየ። እንዲህ አጥንት ያለው ሊፖማ ኦስቲዮሊፖማ ይባላል።

ግን አልቸኮልኩም። ስብና አጥንት አብረው ሲገኙ ቴራቶማ፣ ማለትም የተለያዩ የሰውነት ቲሹዎች የተቀላቀሉበት ዕጢ፣ ሊሆን ይችላል። ቆዳ፣ ፀጉር፣ እጢ ወይም የነርቭ ቲሹ ተደብቆ እንደሆነ ለማየት ናሙናውን አንድም ሳላስቀር በማይክሮስኮፕ ለማየት አዘጋጀሁት። ምንም የለም። ኒውክሊየሶቹም ሰላማዊ ናቸው። አጥንቱ ከየት መጣ ለሚለው ሁለት ሐሳብ አለ፦ ስብም አጥንትም መሆን ከሚችለው የፅንስ ጊዜ ቲሹ አብሮ ተፈጠረ፣ ወይም ተያያዥ ቲሹው ቆይቶ ወደ አጥንት ተለወጠ። እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ።

ሪፖርቱ ላይ «አጥንቱ የዕጢው አካል ነው፤ የአጥንት ካንሰር አይደለም» የሚል መስመር ጨመርኩ። ከዘጌ በጀልባ የመጡት የታካሚው ታላቅ ወንድም ግን አላመኑም።

«ዶክተር፣ ጭንቅላቱ ውስጥ አጥንት በቅሎ፣ እንዴት ደህና ይባላል?»

«ጋሼ፣ ሲወለድ አብሮት የነበረ ሊሆን ይችላል። አይዛመትም። የቀረውን በኤምአርአይ እየተከታተሉ ያዩለታል።»