የድንች ስታርችና ፖሊስተር ሲታረቁ

ዛሬ የሚበሰብስ ፕላስቲክ ለመሥራት ኮምቦልቻ ላቦራቶሪ ውስጥ ዋልኩ። የድንች ስታርች ከውሃና ከግሊሰሪን ጋር ሲሞቅ 60 ዲግሪን አለፍ ብሎ እንደ አጥሚት ይወፍራል፤ በስሱ ተዘርግቶ ሲደርቅ ጥርት ያለ ሜምብሬን (ስስ ሽፋን) ይወጣዋል። ውበቱ ግን ውሃ እስኪነካው ነው። ስለዚህ ፖሊካፕሮላክቶን የሚባለውን ፖሊስተር (የፕላስቲክ ዓይነት ነው) እንቀላቅልበታለን፤ እርሱንም ረቂቅ ተሕዋስያን ይበሉታል።

ጣጣው ስታርች ውሃ ወዳድ፣ ፖሊስተር ውሃ ጠል መሆኑ ነው። ሁለቱን የሚያስታርቅ ሦስተኛ ነገር ያስፈልጋል። (ወሎ ሽማግሌ አጥቶ አያውቅም፤ እዚህ ግን የሚያሸማግለው ማሌይክ አንሃይድራይድ የሚባል ኬሚካል ነው።) ዛሬ ያለ አስታራቂ የሠራነው ነጭ ነጠብጣብ አወጣ፤ ስንስበው በነጠብጣቡ ዙሪያ ተቀደደ።

ፕላስቲክ ላይ «ይበሰብሳል» የሚል ጽሑፍ ብቻውን አያሳምነኝም። ፖሊላክቲክ አሲድ የሚባለው ፕላስቲክም ይበሰብሳል ይባላል፤ ወደ 60 ዲግሪ የሚሞቅ ኮምፖስት ካላገኘ ግን ቦርከና ወንዝ ዳር ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። ነገ አስታራቂውን ጨምረን እንሞክራለን።