ጥንቸል ሲያዩ የሚጮሁት ሰዎች ጋ ሄደን መጣን (አኔሲ፣ ሰኔ 2016)

ጄኔቭ መኖር ከጀመርኩ ስንት ጊዜዬ ነው፣ አኔሲ የምትባለው የፈረንሳይ ከተማ ደሞ ከኛ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ግን እስካሁን የምሄደው እንግዳ ሲመጣብኝ ሐይቁን ለማሳየት ብቻ ነበር። ሰኔ ላይ ትልቅ የአኒሜሽን ፌስቲቫል እንዳለ የነገረችኝ የእህቴ ልጅ ናት፣ 11 ዓመቷ ነው፣ ደብተሯ ላይ ከሒሳብ ይልቅ ዓይን ብቻ ስትስል ነው የምትውለው (ለምን ዓይን ብቻ እንደሆነ አትጠይቁኝ)። «ጋሼ ውሰደኝ» አለች፣ እናቷም ሁለት ቀን ልትገላገል ነው መሰለኝ ወዲያው ፈቀደች። እኔ እንኳን እውነቱን ለመናገር ካርቱን የልጅ ነገር ነው ብዬ ነው የተነሳሁት፣ እሷን ወንበር ላይ አስቀምጬ ስልኬን ልነካካ።

አርብ ሰኔ 7 ልክ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ባስ ተሳፈርን። መንገዱ ሩቅ ባይሆንም የአርብ ማታ ትራፊክ አለ፣ ልጅቷ ተሰላቸች፣ ስለዚህ ያቺን የታክሲ ተረት ነገርኳት። ታውቋታላችሁ መቼም። አህያ፣ ውሻና ፍየል ሚኒባስ ተሳፈሩ፣ ወያላው «ሒሳብ!» ሲል አህያ ልክ ልኩን ከፈለች፣ ውሻ ትልቅ ብር ሰጠና መልሱን ሳይቀበል መኪናው ሄደበት፣ ፍየል ደሞ ሳትከፍል ዘላ ወርዳ ላሽ አለች። ለዛ ነው እስከዛሬ ፍየል መኪና ስታይ የምትፈረጥጠው፣ ውሻው መልሴን እያለ የሚያባርረው፣ አህያ ደሞ ጡሩምባው ቢነፋ ቢነፋ መሀል አስፋልት ላይ ንቅንቅ የማትለው። አዲስ አበባ ተወልዶ ኒውዮርክ የሚኖረው ሠዓሊ ዕዝራ ውቤ በዚችው ተረት አጭር አኒሜሽን ሠርቷል፣ ስሙም «ሒሳብ» ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2011። የሚገርመው አሠራሩ ነው፣ አንድ ሸራ ላይ ይስላል፣ ፎቶ ያነሳል፣ እዛው ላይ ደርቦ ይስላል፣ እንደገና ፎቶ፣ እንዲህ እያለ ሙሉ ፊልሙ ባንዲት ሸራ አለቀ።

«የድሮዎቹ ሥዕሎችስ የት ሄዱ?» አለችኝ።

«ከሥር ናቸዋ፣ ጠፍተዋል።»

ፊቷን ኮሶ እንደጠጣ ሰው አጨማደደችው። ይሄ ጥያቄ ሁለቱን ቀን ሙሉ እንደሚከተለኝ ያኔ አላወኩም።

አኔሲ ስንደርስ ከተማው በሰው ተጥለቅልቋል፣ አንገቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ ወጣት፣ ጀርባው ላይ የሥዕል ፖርትፎሊዮ የተሸከመ ተማሪ፣ ሥራ ፈላጊ፣ ሥራ ሰጪ፣ ሁሉም ይሮጣል፣ ምክንያቱም ከፌስቲቫሉ ጎን ሚፋ የሚባል የፊልም ገበያ አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ። ሆቴል ከወራት በፊት ነው የሚያዘው አሉ፣ እኔ የያዝኩት ከሦስት ቀን በፊት ስለነበር ያገኘሁት ክፍል ከመሀል ከተማ 50 ደቂቃ በእግር ነው፣ ዋጋው ደሞ አይነሳ። ራት የአካባቢውን የሳቮይ አይብ ድንች ላይ ቀልጦ በላን፣ በዓለ ሃምሳ ስላላለቀ አርብም ቢሆን ይበላላ! ከማታው አራት ሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ያለው ፓኪዬ የሚባለው ትልቅ ሜዳ ላይ በነፃ ፊልም ይታያል፣ ሰው ብርድ ልብሱን አንጥፎ ጋደም ብሎ ነው የሚያየው፣ ተራራው ከጀርባ ጥቁር ብሎ ቆሟል። እኛ ግን ከግማሽ በላይ አላየንም፣ እንቅልፍ ጣላትና ተሸክሜያት ያንን የ50 ደቂቃ መንገድ ተያያዝኩት። 11 ዓመት ልጅ ተሸክሞ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ዋናው ነገር ሄድን፣ ቦንሊዩ የሚባለው ቲያትር ቤት፣ የአጫጭር ፊልሞች ፕሮግራም። ተሰልፈን ቆይተን መጨረሻ አካባቢ ገባን። አዳራሹ አንድ ሺህ የሚጠጋ ሰው ይይዛል፣ ገና ቁጭ ከማለታችን የሆነ ነገር ጆሮዬን ገጭቶኝ አለፈ፣ ቀና ብል አየሩ በሙሉ የወረቀት አውሮፕላን ነው! እኔ የሆነ ረብሻ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ባህላቸው ነው፣ ፊልሙ እስኪጀምር ሁሉም አውሮፕላን አጥፎ ወደ መድረኩ ይወረውራል፣ መድረክ ላይ የደረሰ እንደሆነ አዳራሹ በሙሉ ጎል እንደገባ ነው የሚያጨበጭበው። የኛዋ የባስ ትኬታችንን አጠፈችና ወረወረች፣ ሁለት ረድፍ አልፎ አንድ በራ ሰውዬ አናት ላይ አረፈ። አንሶ ሲያየን እኔ ልቀበር ነበር። ከኋላችን የተቀመጡ ሽበት የወረሳቸው ፈረንሳዊ ሽማግሌ ትከሻዋን ነካ አረጓትና ከቦርሳቸው ወፈር ያለ ወረቀት አውጥተው አሳዩዋት፣ አፍንጫው ጋ ሁለቴ ይታጠፋል፣ ክንፉ ጫፍ ላይ ትንሽ ቀና ይደረጋል፣ ሲወረወር ደሞ በኃይል ሳይሆን ለቀቅ ነው። ሁለተኛው መድረኩ ጫፍ ላይ ደረሰ። ጭብጨባው ሲነሳ ፊቷን ብታዩት።

መብራቱ ሲጠፋ ደሞ ሰው ሁሉ በአፉ «ፖፕ ፖፕ» እያለ እንደ ዓሣ ድምፅ ያሰማል። ከዛ ፊልሙ ውስጥ ጥንቸል ብቅ ካለች፣ የትም ጥግ ላይ ብትሆን፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕልም ቢሆን፣ «ላፓን!» ብለው ይጮሃሉ፣ ጥንቸል ማለት ነው በፈረንሳይኛ። አንዱ ፊልም በጣም ያሳዝናል፣ ሰው ጉሮሮው ታንቆ ባለበት ሰዓት የሆነች ጆሮዋ ረዘም ያለ ነገር አለፈች፣ «ላፓን!» ሁሉም። የኔዋም ቆማ። እኔም ጮህኩ፣ ለምን እዋሻለሁ።

የዚያ ዓመት የክብር እንግዳ አገር ፖርቱጋል ነበረች፣ የአጭር ፊልሙን ክሪስታል የሚባለውን ዋናውን ሽልማት የወሰደውም «ፐርሴብሽ» የሚባል የፖርቱጋልና የፈረንሳይ ሥራ ነው፣ የአሌሻንድራ ራሚሬሽና የላውራ ጎንሳልቬሽ። ነገሩ ስለ አንድ የባሕር እንስሳ ነው፣ ደቡብ ፖርቱጋል አልጋርቭ ዳርቻ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚያድግ፣ ማዕበል የሚመታው ቦታ ላይ ነው ያለው፣ ለቅሞ የሚያመጣው ሰው ሕይወቱን አስይዞ ነው። ድምፁ የአካባቢው ሰዎች የራሳቸው ወሬ ነው፣ ሥዕሉ በውኃ ቀለም ፈሰስ ፈሰስ ያለ፣ ስለ እንስሳው እያወሩ ሳታውቁት ስለ ቱሪስት፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ከተማቸው ማውራት ይጀምራሉ። 11 ደቂቃ። ሰዎቹን የማውቃቸው ነው የመሰለኝ። ሁለት ሰዓት ተኩል የፈጁ ስንት ፊልሞች አይቼ አንድም ሰው ሳልተዋወቅ ወጥቻለሁ እኮ።

ከሰዓት ወደ ላይ፣ ወደ ድሮው ቤተ መንግሥት ወጣን፣ አሁን ሙዚየም ነው፣ አቀበቱ የሽሮሜዳን ያስታውሳል። እዛ ፕራክሲኖስኮፕ የሚባል ነገር አለ፣ ቆርቆሮ ከበሮ በሉት፣ ውስጡ ዙሪያውን 12 ሥዕል ያለው የወረቀት ጥብጣብ ይገባል፣ መሀሉ ላይ መስታወቶች አሉ፣ ከበሮው ሲሽከረከር መስታወቱ ላይ ያለው ሥዕል ይንቀሳቀሳል። የሠራው ኤሚል ሬይኖ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1877። ይሄ ሰውዬ ቀጥሎ ረጅም ጥብጣብ ላይ በእጁ ቀለም እየቀባ ጥቅምት 28 ቀን 1892 (በነሱው አቆጣጠር) ፓሪስ ግሬቨን ሙዚየም ውስጥ ለሕዝብ አሳየ፣ የሉሚየር ወንድሞች ሲኒማ ከመምጣቱ ሦስት ዓመት በፊት። ከ500 ሺህ ሰው በላይ አይቶለታል። ከዛ ሲኒማ መጣና ገበያውን ወሰደበት፣ እሱም ተስፋ ቆርጦ ሲያረጅ አብዛኛውን ሥራውን ሴን ወንዝ ውስጥ ወረወረው።

ይሄን ስነግራት ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «እንደ ዕዝራ?» አለች። አይ፣ ዕዝራ ፎቶ አንስቷል እኮ፣ ሬይኖ ግን አላነሳም አልኳት፣ ግን ልክ ነበረች ባንድ በኩል። ሩሲያዊው አሌክሳንደር ፔትሮቭም እንደዛው ነው፣ እዚሁ አኔሲ እ.ኤ.አ. በ2000 ዋናውን ሽልማት የወሰደበትን የ20 ደቂቃ ፊልም መስታወት ላይ በዘይት ቀለም በጣቱ እየነካካ ነው የሠራው፣ ከ29 ሺህ በላይ ሥዕል፣ እያንዳንዱ ፎቶ ተነስቶ ሲያበቃ ለሚቀጥለው ሲባል ይበላሻል። ባጭሩ በሴኮንድ 24 ምስል ነው የሚያልፈው፣ አንዱን ሥዕል ሁለቴ ቢጠቀሙበት እንኳን 12 ሥዕል ለሴኮንድ፣ ለ10 ደቂቃ 7,200። እናቴ ለፋሲካ ሌሊቱን ሙሉ ሽንኩርት ስታቁላላ አድራ እኛ በሩብ ሰዓት ሳህኑን ጠርገን ስንነሳ በር ላይ ቆማ የምታየን አስተያየት ትዝ አለኝ። ጠዋት ያ አዳራሽ ለምን እንደዛ እንደሚጮህም ትንሽ የገባኝ መሰለኝ፣ ፌስቲቫሉ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ አለ፣ ግማሹ ተመልካች ራሱ ሠሪ ነው፣ 7,200 ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ማታ ባስ ውስጥ ገና ሳንቀመጥ ከሙዚየሙ ሱቅ የገዛሁላትን ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አውጥታ መሳል ጀመረች፣ ጥግ ጥጉ ላይ፣ ገጹን በአውራ ጣት ለቀቅ ለቀቅ ሲያደርጉት የሚንቀሳቀሰውን ዓይነት። ድንበሩ ጋ ስንደርስ 30 ገጽ ሞልታለች። ተቀብዬ አገላበጥኩት። አህያ ናት። ቆማለች። ደግሜ አገላበጥኩት፣ ያው ቆማለች፣ መጨረሻ አካባቢ ጆሮዋ ትንሽ ዘንበል ይልና ይመለሳል።

«ሚሚዬ፣ ይሄ እኮ አይንቀሳቀስም» አልኳት።

«ከፍላለች እኮ ጋሼ» አለችኝ፣ ደብተሩን ነጥቃኝ። «ለምን ትሮጣለች?»