የሚጨመር እንጂ የሚቀነስ የለም

ምክንያቱ ይህ ነው ለማለት ባይቻለኝም ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ብሎኛል። ምናልባት ውጤት የማስረከቢያ ሰሞን ስለሆነ ይሆናል። የተማሪዎቹን ማርክ ሲስተሙ ላይ ሞልቼ ከጨረስሁ በኋላ ያንኑ ውጤት አትሜ፣ በሦስት ቅጂ ፈርሜ፣ ለሬጅስትራር አስረከብሁ። እትዬ ፅ. እንደ ልማዳቸው በእስክሪብቶ ጫፍ የእያንዳንዱን ተማሪ መታወቂያ ቁጥር እየነኩ ወረቀቱን ከኮምፒዩተሩ ጋር አመሳከሩ፤ ማኅተሙንም ቀለም አስነክተው ከፊርማዬ ጎን አሳረፉት። ሦስት ቅጂ ለምን እንዳስፈለገ ብጠይቃቸው፣ «ሲስተም የለም በተባለ ቀን፣ መምህር፣ ልጆቹን ምን ብዬ ልመልሳቸው?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን፣ በአማራ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ውጤቱን ሊጠይቅ የመጣ ተማሪ መልስ ያገኘው ከእርሳቸው መደርደሪያ ነበር። እኔ አባል የሆንሁበት የዲጂታል ሽግግር ኮሚቴ ግን ይህን በቃለ ጉባኤው አያነሳውም፤ ወረቀት የሚወድ ሰው ሁሉ ለውጥ የሚጠላ ተደርጎ ነው የሚቆጠረው።

ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ ወደ ፕላዝማ ሄደ። በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በቴሌቪዥን ሲጀመር፣ ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት አዲስ አበባም ጎንደርም እኩል ይደርስ ነበር። መምህሩ መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠው ነበር፤ መካከሉ የማሳያው ነበር። የፊዚክስ መምህራችን ቀመሩ ከማሳያው ሳይጠፋ ሰሌዳው ላይ ሊገለብጡት ጠመኔ ይዘው ሲሯሯጡ ዛሬም ይታየኛል፤ ተናጋሪው እንደሆነ አይጠብቅም። ፕላዝማው ገባ፤ ሰሌዳውም አልወጣም፤ መምህሩ በሁለቱ መካከል ቆመው ቀሩ። ከላይ ያወረደው አካል ምን እንደሚጀመር እንጂ ምን እንደሚቀር አልተናገረምና።

በዚሁ በጎንደር ግን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሌላ ዓይነት ለውጥ ታይቷል። እንደሚነገረው መምህር ኤስድሮስ በጣና ገዳማት መጻሕፍትን ሲመረምሩ ቆይተው የነበረውን የቅዱሳት መጻሕፍት ትርጓሜ አሻሻሉ፤ የነባሩ ላይ ቤት፣ የእርሳቸው ታች ቤት ተባለ። ታች ቤትን ያስፋፋው መመሪያ አልነበረም። የአብነት ተማሪ ከዜማ ትምህርቶቹ ለአቋቋም ጎንደር በዓታ፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ፣ ለድጓ ቤተልሔም እያለ መምህሩን በእግሩ የሚመርጥ ነው፤ ወደ ታች ቤትም በእግሩ ሄደ። ላይ ቤት በማንም ትእዛዝ ሳይዘጋ ተማሪ እየራቀው ሄደ፤ ዛሬ በየጉባኤው የሚሰማው በአብዛኛው የታች ቤቱ ነው።

የእኛ ተማሪ የት ይሄዳል? በ2015 ዓ.ም. የተጀመረውን የመውጫ ፈተና ኮምፒዩተር ላይ ካልተፈተነ አይመረቅም፤ ለዚያ የሚያበቃውን ውጤት ደግሞ በማኅተም ያረጋግጣል። መምህሩም እንዲሁ ነው፤ ሁለቱንም ይሠራል፣ ሁለቱንም ያማርራል። ገንዘብ ተመድቦ መሣሪያ ሲገዛ ምርቃት አለ፣ ፎቶ አለ። አንድ ቅጽ ይቅር ብሎ ለመፈረም ግን ነገ አቤቱታ ቢመጣ ተጠያቂ መሆን አለ፤ ለዚህ ደመወዝ የሚጨምር የለም። የኮምፒዩተር ችሎታ ማነስ የሚባለው ሁልጊዜ ቀድሞ ይጠቀሳል፤ እኔ ግን ከችሎታው ይልቅ ፍርሃቱ የባሰ ይመስለኛል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ሐሳብ ላቀርብ አሰብሁ፤ ማስጀመሪያ ኮሚቴ እንዳለ ሁሉ፣ የትኛው ቅጽ መቼ እንደሚቀር የሚወስን የማስቀሪያ ኮሚቴ ይቋቋም የሚል። እንዳሰብሁትም ሰብሳቢው ጋሼ በ. ምን እንደሚሉ ታወቀኝ፤ «ግሩም ነው፤ በጽሑፍ አድርገህ በሦስት ቅጂ አቅርበው።»