ዜልበርት ስትሸነፍ

ብርድ ሊገድለው የደረሰ ሰው ከባቡር ላይ የድንጋይ ከሰል ቢወስድ ሌባ ነው?

ቅዳሜ ቅዳሜ የማስተምራቸውን ልጆች የማፋጥጠው በዚህ ጥያቄ ነው። ጀርመን ተወልደው ያደጉ የሐበሻ ልጆች ናቸው። «ዴሞክራሲ ማለት…» ብዬ ብጀምር ወዲያው ስልካቸውን ያወጣሉ፤ አልፈርድባቸውም። ስለዚህ ጀርመን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንዴት ወደ ዴሞክራሲ እንደመጣች የማስተምረው ከፍርስራሹ ጀምሬ ነው። ጊዜው የ1946 መጨረሻ ነው (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው)። ከተሞቹ ወድመዋል፣ ምግብ በራሽን ነው፣ ብርዱ አይጣል ነው። የካቶሊኩ ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ፍሪንግስ ኮሎኝ ውስጥ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ሲሰብኩ፣ ሠርቶም ለምኖም ያላገኘ ሰው ለሕይወቱና ለጤናው የሚያስፈልገውን ቢወስድ ይፈቀድለታል አሉ። ከዚያ በላይ የወሰደ ግን ይመልስ ብለው ነበር። ይቺን ሁለተኛዋን ብዙ ሰው አያነሳትም።

ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «እናቴ በብርድ ስትሞት ዝም ብዬ ልይ?» ይላል። ሌላዋ «ሁሉም ከወሰደ ሆስፒታሉስ በምን ይሞቃል?» ትላለች። ነገሩ ሲጋጋል «እሺ፣ ማን ይወስን?» እላቸዋለሁ።

አሜሪካ ለአውሮፓ መልሶ ግንባታ የሰጠችውን እርዳታ፣ የማርሻል ፕላንን፣ ቶሎ ነው የማልፈው። 13 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው፣ ትልቁን ድርሻ ብሪታንያና ፈረንሳይ ወሰዱ፣ በቃ። «አሜሪካ ብር ሰጠች፣ ዴሞክራሲ መጣ» ብለው እንዲሄዱ አልፈልግም። ይልቅ በአሜሪካኖች ይዞታ ሥር በነበረው የጀርመን ክፍል ሕዝቡ ከሁሉ አስቀድሞ የመረጠው፣ በጥር 1946፣ የየመንደሩን ምክር ቤት እንደነበር እነግራቸዋለሁ። ከቀበሌ ጀመሩ እንደማለት ነው። ለፌዴራሉ ፓርላማ የመረጡት በ1949 ነው።

ዋናው ጨዋታ ግን ቦን ከተማ ላይ ነው። የምዕራብ ጀርመንን ሕገ መንግሥት ያረቀቀው ምክር ቤት 65 አባላት ነበሩት፤ ሴቶቹ 4 ብቻ። ከነሱ አንዷ የካሴሏ ጠበቃ ኤሊዛቤት ዜልበርት ናት። «ወንዶችና ሴቶች እኩል መብት አላቸው» የሚል አንቀጽ ይግባ አለች። የምክር ቤቱ ኮሚቴ ጣለው። ያኔ በነበረው ሕግ በትዳር ጉዳይ የመጨረሻው ቃል የባል ነበር። አንቀጹ ከገባ የቤተሰብ ሕጉ ይናዳል ብለው ፈሩ፤ እውነታቸውን ነው፣ ይናድ ነበር።

ልጆቹን ኮሚቴ አድርጌ አስቀምጣቸዋለሁ። ዜልበርትን የምሰጠው ሁልጊዜ ምላሱ ለተሳለው ልጅ ነው፤ ምክንያቱም ይሸነፋል። ለሌሎቹ የየፓርቲያቸውን ሐሳብ በወረቀት ሰጥቻቸዋለሁ። ድምፅ ተቆጥሮ ሲሸነፍ ፊቱን ማየት ነው! «ጋሼ፣ ይሄ ፌር አይደለም!» ይላል። «ታዲያ ምን ታደርጋለህ?» እለዋለሁ። ረግጬ እወጣለሁ የሚል አለ፣ ቲክቶክ ላይ አጋልጣቸዋለሁ የሚልም አለ። ዜልበርት ያደረገችውን የምነግራቸው ከዚህ በኋላ ነው። ከከተማ ከተማ ዞራ ሴቶቹን ቀሰቀሰች፤ የተቃውሞ ደብዳቤ ወደ ቦን ጎረፈ። በጥር 1949 ያው ኮሚቴ አንቀጹን አጸደቀ።

እዚህ ላይ ባቆም ተረት ይሆንብኛል። የቤተሰብ ሕጉን ለማስተካከል እስከ መጋቢት 1953 ቀን ተቆርጦ ነበር፤ ፓርላማው ሳይጨርስ ቀኑ አለፈ። በልጆች ጉዳይ የአባትን የመጨረሻ ቃል ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት የሻረው በ1959 ነው። «አሥር ዓመት?» ብለው ይጮሃሉ። ከድሉ ይልቅ የሚያከራክራቸው ይሄ መዘግየቱ ነው። አንድ አባት «ልጄን ምን አስተማርክብኝ? እራት ምን ይሠራ ስንል ድምፅ እንስጥ ትላለች» ብሎኛል።

የአገር ቤትን ጉዳይ እኔ አላነሳም። የልጆቹ ወላጆች አቋም ለየቅል ነው፣ እሱን ልጆቹም ያውቃሉ። ቦን ላይ ግን የማንም አባት አልተቀመጠም፤ ያለ ኩርፊያ ይከራከራሉ። ቆይተው ራሳቸው ያነሱታል። ያኔ አንድ ደንብ አለን፦ ከመናገርህ በፊት ያኛው ያለውን ድገምለት፤ «አዎ፣ እንደዛ ነው ያልኩት» እስኪል ተራህ አልደረሰም። አንዳንድ ቅዳሜ ሰዓቱ የሚያልቀው በዚሁ ነው።