ግራዬ አሮጌ፣ ቀኜ አዲስ፤ አምስት ወር ከሁለት ተርንቴብል ጋር

ባለፈው ክረምት የዲጄ ሙያን የሚያውቁ ጓደኞቼን ሁሉ አንድ ጥያቄ እየጠየቅሁ አስቸገርኩ። በተርንቴብል፣ በዲጄ የሸክላ ማጫወቻ ማለቴ ነው፣ ልጀምር ነው፤ አሮጌውን ልግዛ ወይስ አዲሱን? ግማሾቹ "ቴክኒክስ ካልሆነ ይቅርብህ" አሉኝ። ግማሾቹ ደግሞ "በአያቶችህ ዕቃ ምን አሰቃየህ" አሉኝ። መጨረሻ ላይ አንድ አሮጌ፣ አንድ አዲስ ይዤ ተገኘሁ። አስቤበት አይደለም፤ እንዲሁ ገጠመኝ። ግራ እጄ ሌላ ማሽን ላይ፣ ቀኝ እጄ ሌላ ማሽን ላይ ይለማመዳሉ። ማንም እንዲህ እንዲጀምር አልመክርም። ለማነጻጸር ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ሁለት ዓመት በላፕቶፕና ከእሱ ጋር በሚገናኝ ትንሽ የቁልፎች ሰሌዳ (ኮንትሮለር) ሰርግ አጫውቻለሁ። ሲንክ የምትባለውን ቁልፍ ስጫን ሶፍትዌሩ ሁለቱን ዘፈን ያገጥማል፤ እኔ እጄን አጣጥፌ እቆማለሁ። ለዘመኑ ዘፈን ይሠራል። አምና በጥር ደብረ ሲና ሰርግ ላይ ሽማግሌዎቹ የድሮ ዘፈን ጠየቁ። አንዱን ችክችካ ከሌላው ችክችካ ጋር በሲንክ ላያይዝ ስል ከበሮና ከበሮ ተላተሙ፤ አብረው እንደተጠመዱ የማይዋደዱ በሬዎች። አንድ አባት ወደ ጠረጴዛዬ መጡ።

"ልጄ፣ ከበሮውን ምን አደረግኸው?"

ምን እንዳደረግሁት እኔም አላወቅሁም። በኋላ ነው የገባኝ። የዘመኑ ዘፈን አብዛኛው በኮምፒውተር ምት ላይ የተሠራ ስለሆነ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፍጥነቱ አይለወጥም። በሸክላ ዘመን ግን ባንዱ አንድ ክፍል ውስጥ ቆሞ እየተጫወተ ነው የሚቀረጸው። ድራመሩ ሲሞቀው ይፈጥናል፤ ዘፋኙ ሲያንጎራጉር ዝግ ይላል። የኔ ሶፍትዌር ደግሞ ለዘፈኑ አንድ ቁጥር ሰጥቶ እስከ መጨረሻው እሱን ይከተላል። እንዲህ ያለውን ዘፈን በጆሮ እየሰሙ በእጅ መከተል ነው እንጂ ሌላ ዘዴ አላገኘሁለትም።

መስከረም ላይ አሮጌው ደረሰ። አሜሪካ ያለ አጎቴ አንድ የቴክኒክስ ኤስኤል 1200 ኤምኬ2 ላከልኝ። ስለሱ ሳታውቁ አትቀሩም፤ ላልሰማ ያህል ግን፦ የመጀመሪያው 1200 በ1972 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሙዚቃ ለሚያዳምጥ ሰው ነበር የተሠራው። ዲጄዎቹ ናቸው የወረሱት። ሸክላው የሚቀመጥበትን ሳህን በላስቲክ ቀበቶ ሳይሆን በቀጥታ ሞተሩ ነው የሚያዞረው። ስለዚህ በእጅ ይዘህ ስትለቀው ቶሎ ይነሳል፤ የሚላላም የሚበጠስም ቀበቶ የለውም። ኤምኬ2 በ1979 መጣ። ዛሬ ዲጄ ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው፣ በቀኝ በኩል ረጅም የፒች፣ ማለትም የፍጥነት መለወጫ፣ ማንሸራተቻ ያለው ይሄኛው ነው።

ሳጥኑን ከፈትኩ። ሶኬቱ ጠፍጣፋ ነው። አዳፕተር ገዛሁና ልሰካ ስል፣ እግዜር ይስጣቸውና ሰፈራችን ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑት ጋሼ እኛ ቤት ቡና ሊጠጡ መጥተው ነበር።

"ቆይ፣ ቆይ! ጀርባውን አንብበሃል?"

"አላነበብኩም ጋሼ።"

"120 ይላል። የኛ 220 ነው። አዳፕተር ቅርጹን እንጂ ኃይሉን አይለውጥም። ብትሰካው ኖሮ ትራንስፎርመሩን ነበር የምናሸተው።"

እሳቸው ጋ ከ220 ወደ 110 የሚቀንስ ትንሽ ትራንስፎርመር ነበር። ማሽኑ ከ20 ዋት በታች ስለሚበላ በቂ ነው። አንድ ነገር ግን አሳሰበኝ፤ የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ የኛ 50። ሳህኑ ቢዘገይስ? አልዘገየም። የዚህ ማሽን ሞተር ፍጥነቱን የሚያገኘው ከመብራቱ ሳይሆን ከኳርትዝ ክሪስታል ነው፤ እንደ እጅ ሰዓት ማለት ነው። ፍጥነቱን ከመብራቱ በሚወስዱት አንዳንድ የድሮ ማጫወቻዎች ቢሆን ኖሮ ከ33 ዙር ወደ 28 ገደማ ይወርድ ነበር። ዘፋኙ ሁሉ እንቅልፉን ያልጨረሰ በመሰለ። ሳህኑ ጠርዝ ላይ የተደረደሩትን ነጥቦች ፍጥነት በሚያሳየው ቀይ መብራት አየኋቸው። ትልልቆቹ ነጥቦች ቀጥ ብለው ቆመዋል። ፍጥነቱ ልክ ነው ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ያወራሁት አሮጌ ከውጭ ለምታስመጡ ነው። ከአሜሪካ ከሆነ 120፣ ከጃፓን ከሆነ 100 ቮልት ሊሆን ይችላል። ኃይል መምረጫ ያላቸውም አሉ። ሳትሰኩ አንብቡ።

አዲሱ የመጣው ጥቅምት ላይ ነው። ሁለተኛ ቴክኒክስ ፈልጌ አጣሁ። ከዱባይ አስመጥቶ ብዙም ያልተጠቀመበት የአዲስ አበባ ልጅ ፓዮኒር ፒኤልኤክስ 1000 ሸጠልኝ። ይህ ሞዴል በ2014 የወጣ ነው። ቴክኒክስ 1200ን ማምረት በ2010 አቁሞ ስለነበር ሌሎቹ ባዶውን ወንበር ሲሽቀዳደሙ የመጣ ነው። ሲታይ የአሮጌው መንትያ ነው፤ መርፌውን የያዘው ክንድም፣ የፒቹ ቦታም፣ የመብራቱ ቦታም። ቴክኒክስ ራሱ በ2016 ተመለሰ፤ በ2019 ደግሞ ለዲጄዎች ኤምኬ7ን አወጣ። ስለዚህ ዛሬ "አሮጌ ወይስ አዲስ" ስንል "ቴክኒክስ ወይስ ሌላ" ማለታችን አይደለም።

ልዩነቱን እጄ ነገረኝ። መንትያ የመሰሉኝ ማሽኖች ሲነኩ ዘመድም አይደሉም።

የአሮጌው የመነሻ ጉልበት 1.5 ኪሎግራም ሴንቲሜትር ነው። የአዲሱ 4.5። ሦስት እጥፍ! አሮጌው ከቆመበት ልኩ ፍጥነት ላይ ለመድረስ 0.7 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ አዲሱ 0.3። ወረቀት ላይ ሲነበብ አዲሱ በዝረራ ያሸነፈ ይመስላል። ስክራች ለሚያደርግ፣ ሸክላውን ወዲያና ወዲህ እየጎተተ ድምፅ ለሚያወጣ ሰው እውነትም አሸንፏል። ሸክላውን ይዘህ ወደ ኋላ ስትጎትት ሳህኑ ከሥር ሳይደክም ይዞራል፤ ስትለቅ ወዲያው ይነጉዳል።

የኔ ችግር ግን ስክራች አይደለም። ድራመሩ ሲፈጥን እየተከተልኩ ሳህኑን በጣቴ ጫፍ ዳሰስ አድርጌ ማዘግየት ነው የምፈልገው። አሮጌው ይሄን ይሰማል። ጣቴ ጠርዙን ሲነካ ሩብ ምት ያህል እንኳ ሳይዛነፍ ቀስ ብሎ ይሰጠኛል። አዲሱን በዚያው ጣት ስነካው ከምንም አልቆጠረኝም። ጠበቅ አድርጌ ስይዘው ደግሞ ከሚገባው በላይ ተጎተተና መርፌው ተንቀጠቀጠ። ሁለት ሳምንት ታገልኩ። በመጨረሻ አዲሱ ላይ ሳህኑን መንካት ትቼ መሐሉ ላይ ያለችውን ዘንግ በሁለት ጣት ማሽት ጀመርኩ። ይሄ ተሳካ። ግራዬ ጠርዝ ይዳስሳል፣ ቀኜ ዘንግ ያሻል። የሚያየኝ ሰው ሁለት መሣሪያ የምጫወት ይመስለዋል።

ፒቹ ላይ ግን አዲሱን አመሰግናለሁ። አሮጌው ከ8 በመቶ በላይ ወይም በታች አይሄድም። በደቂቃ 120 ምት ያለውን ዘፈን ከ110.4 እስከ 129.6 ድረስ ብቻ ማንቀሳቀስ ትችላለህ። አዲሱ 16ም 50ም አለው። 50ውን እስካሁን ለቀልድ ብቻ ነው የነካሁት። 16ቱ ግን ረጋ ያለ የአምባሰል ዜማ ላይ ሌላ ማያያዝ ለቸገረው ሰው መዳኛ ነው። ደግሞ አሮጌው ዜሮ ላይ ቀጭ ይልና አረንጓዴ መብራት ያበራል፤ ከዜሮ ወዲህና ወዲያ ባለችው ቀጭን ቦታ ላይ ፒቹን ማመን አይቻልም። ብዙ ጊዜ የምፈልጋት ደግሞ ያቺኑ ቦታ ነው።

ለጀማሪ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሸክላ ሲፈጥን ድምፁም ይቀጥናል። 6 በመቶ ገደማ ማለት ግማሽ ቶን ከፍ ማለት ነው። ጎልማሳው ዘፋኝ ጎረምሳ ይሆንብሃል።

ኅዳር ላይ ውርጩ ገባ። የኛን አገር ውርጭ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ልለማመድ ስነሳ መርፌው ይዘላል። ሁለቱም ማሽን ላይ። ክንዱን አመዛዝኜ እንደገና 3 ግራም ላይ አስተካከልኩት፤ ያው ነው። ከሰል ተቀጣጥሎ ክፍሉ ሲሞቅ ግን ሁሉም ተስተካከለ። ምክንያቱ መርፌዋን የያዘችው ጭራ የተቀመጠችበት ትንሽዬ ጎማ ነው። ጎማ ሲበርደው ይደርቃል፤ መርፌዋም ጎድጓዳውን በደንብ መከተል ያቅታታል። አሁን ጠዋት ጠዋት የካርትሪጁን፣ መርፌዋ የምትሰካበትን ትንሽ ዕቃ፣ መያዣ ኪሴ ከትቼ ቡና እጠጣለሁ፤ ከዚያ ነው ክንዱ ላይ የምሰካው።

ስሊፕማትም ቸግሮኝ ነበር፤ ሸክላውና ሳህኑ መሐል የሚገባው ክብ ጨርቅ ማለቴ ነው። አክስቴ መሐል ሜዳ ነች። የመንዝ ባና ስላላት ከዳሩ ቆርጬ ወሰድኩ።

"ባናዬን ለምን ቆረጥከው?"

"ለሸክላ ነው አክስቴ።"

"ለሸክላ? ጀበና ልታለብስ ነው?"

እስክንግባባ ቆየን። ባናው ብዙ አልሠራም። ፀጉሩ ሻካራ ስለሆነ ሸክላውን ስይዘው ሳህኑንም አብሮ ይይዘዋል። አዲሱ ማሽን በጉልበቱ ጎተተው። አሮጌው ቆመ። የ4.5 እና የ1.5ን ልዩነት ከዚህ በላይ ያስረዳኝ የለም። ግራንድማስተር ፍላሽ በ1970ዎቹ ብሮንክስ ውስጥ ፌልት ጨርቅ ላይ ስታርች ነፍቶ በካውያ እንደተኮሰው ስለማውቅ እኔም ስስ ፌልት ፈልጌ እንደሱ አደረግኩ። ከሥሩ የሸክላ ማቀፊያ ላስቲክ በክብ ቆርጬ አነጠፍኩ። አሁን አሮጌውም አይቆምም።

የምለማመደው በአባቴ ሸክላዎች አይደለም። አሥራ ሦስት ባለ 45 ሸክላ ትቶልኛል፤ አብዛኞቹ የድሮዎቹ ሸክላ አሳታሚዎች የአምሃና የካይፋ ናቸው። በዲጄ መርፌ ወዲያና ወዲህ የማመላልሳቸው አይደሉም። ከእነሱ ይልቅ የምልክት ድምፅ ብቻ ያለበት መቆጣጠሪያ ሸክላ እጠቀማለሁ። ዘፈኑ ላፕቶፕ ውስጥ ነው ያለው፤ ሶፍትዌሩ ከሸክላው ምልክት እጄ ምን እንዳደረገ ያነብና ዘፈኑን ያንቀሳቅሰዋል። ስክሪኑን በጋቢ እሸፍነዋለሁ። መጀመሪያ ሁለት ዘፈን ለማገጣጠም ሳልጨርስ ዘፈኑ ያልቅብኝ ነበር። አሁን አርባ ሰከንድ ገደማ ይበቃኛል። በግራ ከሆነ ማለቴ ነው፤ በቀኝ አንድ ደቂቃ።

አሮጌው አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለው። የድምፅ ገመዱ ከውስጥ የተበየደ ነው። ታኅሣሥ ላይ አንደኛው ጫፍ ተቆርጦ ግራው ድምፅ ጠፋ። ማሽኑን ገልብጦ መክፈት፣ መበየድ፣ አንድ ቀን ሙሉ። የአዲሱ ገመድ ተነቅሎ ይሰካል፤ ቢበላሽ ሌላ ገዝቶ መሰካት ነው። ከተማ ወጥቶ ለሚያጫውት ሰው ይሄ ብቻውን ሊያስወስን ይችላል።

በጥር ሸዋ ሮቢት ሰርግ ነበረኝ። ሁለቱንም ጭኜ ጣርማ በርን ወርጄ ሄድኩ። ቆላው ሞቃት ስለሆነ መርፌዎቹ ምንም አላሉኝም። ያስቸገረኝ ዳሱ ነው። መሬቱ አፈር፣ ጠረጴዛው ቆርቆሮ፣ ጭፈራው ደግሞ የኛ ጭፈራ። ሰው ሲረግጥ መርፌው ይዘላል፤ የድምፅ ማጉያው ቤዝ በጠረጴዛው በኩል ተመልሶ ይገባና ጉምምም ይላል። ሁለት የብስክሌት ካላማዳሪያ ግማሽ ድረስ ነፍተን ከሥር አደረግን፤ በላያቸው ሳንቃ፣ በሳንቃው ላይ ማሽኖቹ። ቆመልኝ። በነገራችን ላይ አዲሱ 13 ኪሎ ነው። ሲሸከሙት ቢያስመርርም እንዲህ ያለ ቦታ ክብደቱ ረዳኝ።

ማታ ላይ የድሮ ዘፈን ተጠየቀ። አንዱን ችክችካ በግራ፣ ሌላውን በቀኝ። ሃያ ሰከንድ ያህል አብረው ሄዱ፤ ግራው ሲፈጥን ዳሰስኩት፣ ቀኙን አሸሁት። ማንም ወደ ጠረጴዛዬ አልመጣም።

ከዜሮ ለሚጀምርና እዚህ አገር ለሚኖር ሰው አሁን ብጠየቅ አዲስ ጥንድ ግዛ ነው የምለው፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ። ኃይሉ ለ220 የተሠራ መሆኑን አይተህ፣ ገመዱ የሚነቀል፣ ፒቹ ሰፊ። ጉልበቱ ግን እጅግ ሲበዛ ለጆሮህ ልምምድ አይረዳህም። የጉልበት መቀነሻ ያለው ካገኘህ እሱን ምረጥ። አሮጌውን ግን አልሸጥም፤ ጋሼም "ከሸጥከው ትራንስፎርመሬን መልስ" ብለውኛል።

አሁን ጾም ስለገባ ሰርግ የለም። ትናንት ቦታቸውን ቀያየርኳቸው፤ አሮጌው ወደ ቀኝ፣ አዲሱ ወደ ግራ። የመጀመሪያው ሙከራ አራት ደቂቃ ፈጀብኝ።